የጋሽ መላጣ ዕድሜ

ቱርቦ ዘፈኑን አልጨረሰችውም። የጭኑን አጥንት እንደ ማይክ አፏ ሥር ደቅና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከፍ ያለውን ዜማ ልታወጣ አየር ስትስብ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። በጉልበት በኩል ያለው ወፍራሙ ጫፍ እንደ መጥረጊያ ራስ ከዘንጉ ተላቀቀና ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ሁለቴ ተንከባሎ ቀጮ ጫማ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ሰበርሽው» አለች ቀጮ።

«ሰበርነው በይ» አለች ቱርቦ። ዓይኗን ገና በደንብ አልገለጠችም፤ ምላሷ ግን ቀድሟት ነቅቷል።

ማክሰኞ ነበር፣ የምሳ ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ። በሚቀጥለው ሰኞ የባዮሎጂ የተግባር ፈተና አለ። ሃያ አጥንት ሃያ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ተማሪው አንዱ ጋ አንድ ደቂቃ ይቆምና ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። የአጥንቱን ስምና ዓይነት፣ ቀይ ክር የታሰረበትን ጉብታ ወይም ቀዳዳ ይጽፋል። አቧራቸውን ጠርገው ቁጥር እንዲለጥፉባቸው የተመረጡት ሁለቱ ነበሩ፤ ቀጮ ጽሑፏ ስለሚያምር፣ ቱርቦ ደግሞ ቀጮ ካለችበት ስለማትጠፋ።

ቀጮ ይህን ስም ያገኘችው ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። «አንቺን ብናቆምሽ የአፅሙን ሳጥን መክፈት ባላስፈለገ» እያሉ ይቀልዱባታል። ቱርቦ ደግሞ ስታወራ ፍሬን የላትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ስለተቀመጡ አንዷ ስትጠራ ሌላዋ አቤት ትላለች።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ አይደለም፣ የእውነት ሰው ነው። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ ጀምሮ ነበረ ከማለት በቀር ማንም የሚጨምረው ነገር አልነበረውም። የራስ ቅሉን የድሮ ተማሪዎች ጋሽ መላጣ ብለውት ስሙ ሲወርድ ሲዋረድ እነሱ ዘንድ ደርሷል። ክፍሉ ሲገባ «ጋሽ መላጣ፣ እንዴት አደሩ?» የማይል የለም። ኮፍያ የሚያደርጉለት፣ አፉ ውስጥ እስክሪብቶ የሚሰኩበትም አሉ። ይህን ሲያዩ የሚቆጡት የቤተ ሙከራው ሠራተኛ ብቻ ናቸው፤ ቁልፋቸው ከወገባቸው ስለማይለይ ሁሉም እትዬ ቁልፍ ይላቸዋል። «በሁለት መዳፋችሁ ያዙት» ይላሉ። «በዓይኑ ጉድጓድ ጣታችሁን እየከተታችሁ አታንጠልጥሉት። ሰው እኮ ነው።»

የዚያን ቀን እትዬ ምሳቸውን ሊበሉ ሲወጡ ከቁልፎቻቸው መሃል የሳጥኑን ፈትተው ለሁለቱ ሰጥተው ነበር።

«እንንገራቸው» አለች ቀጮ።

«አብደሻል? አባቴ ባለፈው ወር ተጠርቶ መጥቶ የለ! ሌላ ጊዜ ስለ አንቺ ከተጠራሁ ከዚህ ትምህርት ቤት አስወጥቼ አክስትሽ ጋ እልክሻለሁ ብሏል። የሚቀልድ መስሎሻል? እሱ እኮ ሲቀልድ አይቼው አላውቅም።» የቱርቦ ዓይን እንባ አቅርሯል። «ሆድ ይፍጀው። በእናትሽ።»

ቀጮ ጫፉን ከወለሉ አነሳች። የተለያየበት ፊት እንደጠበቀችው ሹል ሹል አልነበረም። ኮረብታና ሸለቆ፣ ኮረብታና ሸለቆ ያለው ልስልስ ያለ ነገር ነው። ዳር ዳሩን የደረቀ ቢጫ ቅርፊት ዞሮታል። ከዘንጉ ጋር ስታጋጥመው ልክክ አለ። ገረማት፣ ግን ለመገረም ጊዜ አልነበራትም፤ የእትዬ ቁልፍ ከኮሪደሩ ማዶ ሲንሿሿ ይሰማል። አጋጥማ ከጎድን አጥንቶቹ መሃል አስተኛችውና ክዳኑን ዘጋች።

ረቡዕ ጠዋት ነገሩ ፈነዳ። መምህሩ የጭኑን አጥንት «ረጅም አጥንት ማለት ይህ ነው» ብሎ ሲያነሳ ጫፉ ሳጥን ውስጥ ቀረ። ክፍሉ ሳቀ። የተማሪውን ሥርዓት የሚቆጣጠሩት ዩኒት ሊደሩ ተጠርተው መጡ፣ እሳቸው ሲገቡ ግን የሚስቅ ጠፋ።

«ትናንት ሳጥኑን የነካው ማነው?» አሉ።

ቀጮ ልትናገር ነበር። ይህን ደጋግማ ለራሷ ነግራታለች፤ ልትናገር ነበር፣ አፏንም ከፍታ ነበር። ቱርቦ ግን ቱርቦ ናት፣ ቀደመች።

«እትዬ ሲያወጡት ከእጃቸው ሲወድቅ አይተናል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዩኒት ሊደሩ ወደ ቀጮ ዞሩ። «አንቺም አይተሻል?» ቀጮ አንገቷን ደፋች። አንገት መድፋት ደግሞ፣ አንገቷን የምትደፋው ልጅ ብትወድም ባትወድም፣ አዎ ማለት ነው።

ሁሉም ሳጥኑ አጠገብ የቆሙት እትዬ ሲቆጡ ለማየት ጠበቀ። እሳቸው ግን የተላቀቀውን ጫፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቀጮ ክው አለች። ቱርቦም እንኳ አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ባለፈው ዓመት ማይክሮስኮፕ፣ ዘንድሮ ይሄ» አሉ ዩኒት ሊደሩ፣ አጥንቱን በጋዜጣ እየጠቀለሉ። «ዓርብ ቁልፉን ያስረክቡ። የቀረውን አስተዳደር ይወስናል።» አምና ለዘበኛው የተነገሩት ቃላት እነዚሁ ነበሩ፤ ዘበኛውን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቀጮ አጥንት ማየት ጀመረች።

ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሰውዬ ሲያዛጉ የታችኛው መንጋጋቸው ከጆሯቸው ሥር ተንሸራቶ ሲወጣና ሲገባ ታያት። የረዳቱ ጉንጭ ከቆዳው በታች ቅስት ሆኖ ታያት። ዓይን ያለበት ሁሉ ጉድጓድ ነበር። መስኮቱ ላይ የራሷን ፊት ስታይ ቶሎ ዞረች። እጇ ግን አልታዘዛትም፤ ጆሮ ግንዷን፣ ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ጉብታ፣ ማጅራቷ ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት እየፈለገ ይዳስሳል። ሁሉም አሉ። ሁሉም በክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል እንዳለው በቦታቸው ናቸው። ጋሽ መላጣ ከጀርባዋ ተቀምጦ የሚያያት ይመስል አንገቷን በረዳት። ፈራች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ታክሲ ውስጥ ፈራች።

ቤት እናቷ ልብስ እየሰፋች ነበር። ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ግንባሯ ዳር ያለው ጡንቻ ብቅ ብሎ ጥልቅ አለ። ቀጮ ፊቷን አዞረች።

«ምን ሆነሻል? ጅብ ያየሽ ትመስያለሽ» አለች እናቷ። «ነይ እስኪ እቺን ያዥልኝ።»

የስምንት ወር እህቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ሕፃኗ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ጣል ስታደርግ ስስ ፀጉሯ መሃል እርግብግቢቷ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። አጥንት የሌለበት ቦታ ነው። ቀጮ እጇን ልታስጠጋ አልደፈረችም።

«ይሄ መቼ ነው የሚገጥመው?»

«ዓመት፣ ዓመት ተኩል ሲሆናት። አንቺ የዘገየሽ ነበርሽ፣ ስንት ቀን አስጨንቀሽኛል።» እናቷ ሳቅ አለች። «ሁሉም በጊዜው ይገጥማል። እያየሁ ዕድሜዋን እቆጥራለሁ።»

ቀጮ የዚያን ዕለት ራቷን በቅጡ አልበላችም። ነገሩ አጥንቷ ድረስ ዘልቋል። የሚያሳዝናት እትዬ ቁልፍ ናቸው፤ የሚያስፈራት ግን ያ ጭንቅላት ነው፣ ሁሉን ያየና አንድ ቃል የማይተነፍስ።

ሐሙስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል ሣለ። «በግራ የትልቅ ሰው፣ በቀኝ የልጅ» አለ። «የልጅ ረጅም አጥንት ገና አንድ አጥንት አይደለም። ዘንጉ ለብቻው፣ ጫፎቹ ለብቻቸው ናቸው። መሃላቸው እንደ ጆሯችሁ የሚለመጥ ልም አጥንት አለ፤ ቁመት የምትጨምሩት እዚያ ነው። ዕድገት ሲያበቃ ይገጥሙና አንድ ይሆናሉ።»

«ልጁ ከዚያ በፊት ቢሞትስ?» አለች ቀጮ። እጇን ሳታወጣ ነው የተናገረችው።

«ልም አጥንቱ ይበሰብሳል። ጫፉ ለብቻው ይወልቃል።»

«ሲወልቅ ግን፣ ቲቸር… የተሰበረ ይመስላል?»

«ለማያውቅ ሊመስል ይችላል። ስብራት ስንጥር ስንጥር፣ ሹል ሹል ነው። ይሄኛው ግን ኮረብታና ሸለቆ ነው፣ ልክክ ብሎ ይጋጠማል።»

ቀጮ ወደ ሰሌዳው ሥዕል ጠቆመች። «በጉልበት በኩል ያለው መቼ ነው የሚገጥመው?»

«በሴቶች አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት አካባቢ። ወንዶች ትንሽ ይዘገያሉ። ምነው? ቁመት እየጠበቅሽ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ቀጮ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ወር አሥራ አምስት ይሞላታል።

በዕረፍት ሰዓት ቤተ ሙከራ ስትገባ እትዬ ቁልፍ የተረከቡትን ዕቃ ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከሩ ነበር። የተላቀቀው አጥንት ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ነው። ቀጮ ግን ሰው ሁለት ጭን እንዳለው ትዝ ብሏታል። አስፈቅዳ ሳጥኑን ከፈተችና የሌላኛውን እግር አጥንት በሁለት መዳፏ አወጣችው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከጉልበቱ ጫፍ በላይ፣ ልክ በዚያኛው እግር ቦታ፣ ቀጭን ቢጫ መስመር አጥንቱን ዞሮታል። የቅልጥሙን አየች፣ እዚያም አለ። የክንዱ ላይም አለ። ይሄ ሁሉ አጥንት በየጫፉ፣ እኩል በእኩል፣ እንዴት ይሰበራል?

«እትዬ፣ ይሄን ያጣበቀው ማነው?»

እትዬ ቁልፍ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ተይው ልጄ።»

«ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ በሩን አዩ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «በገባሁ በሳምንቴ ነው። ያን ሳጥን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳወርድ አመለጠኝ። ስከፍተው ጫፍ ጫፉ ሁሉ ወልቋል። ከዚያ በፊት ከፍቼው አላውቅም፤ እኔ ነኝ የሰበርኩት አልኩ። ማንን ልንገር? ሙጫ አመጣሁና በሩን ዘግቼ አንድ በአንድ አጣበቅሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ዛሬ ይወልቃል፣ ዛሬ ይጋለጣል እላለሁ። ትናንት ሲወልቅ በቃ ደረሰ አልኩ። የፈሩት ይደርሳል አይደል የሚባለው?»

«አልሰበሩትም» አለች ቀጮ። «እትዬ፣ ማንም አልሰበረውም። ድሮም አልገጠመም ነበር።»

መምህሩ ያለውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። የራስ ቅሉን አውጥታ የታችኛውን መንጋጋ አሳየቻቸው። ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ አጥንቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ገና ያልወጣ ጥርስ ነጭ አናቱ ይታያል። ቀጮ ምላሷን ወደ ራሷ መንጋጋ ጥግ ላከች። እሷም ጋ ምንም የለም፣ ድድ ብቻ ነው።

«ጋሽ አይደለም» አለች። «አሥራ አምስት ወይ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው።»

እትዬ ቁልፍ የራስ ቅሉን በሁለት መዳፋቸው ተቀበሏት። ለዘጠኝ ዓመት አቧራውን የጠረጉትን ግንባር ዛሬ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ሴት ናት?»

«በዚህ ዕድሜ ከአጥንቱ በእርግጠኝነት መለየት ከባድ ነው፣ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል» አለች ቀጮ። ለሷ ግን መምህሩ «በሴቶች አሥራ ስድስት» ካለ ወዲህ እንደ ራሷ ያለች ሴት ልጅ ናት፤ ማንም ሐሳቧን ሊያስለውጣት አይችልም።

«እናት ነበረቻት እኮ» አሉ እትዬ። «እኛ ጋሽ እያልን…» ሊስቁ ሞከሩ፣ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ዓይናቸውን በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉ። «ዘጠኝ ዓመት፣ ልጄ። ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ ነገር አልነበረም ማለት ነው?»

ቀጮ ወደ ራስ ቅሉ ዞረች። ዓይኖቿ ከዓይን ጉድጓዶቹ ጋር ተገጣጠሙ። ከትናንት ወዲያ ቱርቦ አፍ ሥር ማይክ ተደርጎ የተዘፈነበት የዚህች ልጅ እግር ነው።

እትዬ ቅሏን በታጠፈው ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ሳይዘጉ ወደ ቀጮ ዞሩ። «ማክሰኞ ቁልፉን ለማን እንደሰጠሁ አውቃለሁ» አሉ። ቁጣ የለባቸውም። «አልጠይቅሽም። ሂጂ፣ ደወሉ ሊደወል ነው።»

ቢቆጧት በወደደች። በጥፊ ቢሏት እንኳ ይቀላት ነበር።

ቱርቦ ደረጃው ሥር ጠበቀቻት። ቀጮ ሁሉንም ነገረቻት። ቱርቦ ደስታዋን መሸሸግ አልቻለችም፣ ዘላ አቀፈቻት።

«አንቺ ጂኒየስ! ተገላገልን በቃ! ማንም አልሰበረውም በያቸው፣ ሳይንስ ነው በያቸው። እትዬም ነፃ፣ እኛም ነፃ።»

«እትዬ ሲጥሉት አይተናል ያልሽውስ?»

«እሱን ማን ያነሳዋል? ካልተሰበረ ማን ጣለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አታካብጂ እንጂ አቦ!» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ቀጮ፣ አባቴን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። በራቸው ላይ ቆሞ የቱርቦን ስም ሙሉውን ሲጠራ ቱርቦ እንዴት እንደምትገረጣ አይታለች። ለዚህ ነው ያን ቀን ሳትከራከራት ወደ ክፍል የገባችው።

ዓርብ ጠዋት ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ብቻቸውን ነበሩ። የእትዬ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀት ክምር አጠገብ ተቀምጠዋል። ያለ ባለቤታቸው ወገብ ሲታዩ ብዙም አይደሉም። ቀጮ ቆማ ተናገረች። ጋዜጣውን አስፈትታ የአጥንቱን ፊት አሳየች፣ ኮረብታና ሸለቆውን፣ የሙጫውን ቅርፊት፣ ስለ ሌላኛውም እግር ነገረቻቸው። ዩኒት ሊደሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገውም አዩት።

«እና የሰበረው የለም ነው የምትይኝ?»

«የለም። መምህሩን ይጠይቁ።»

«እጠይቃለሁ።» ስለ እትዬ የተጻፈውን ደብዳቤ ከክምሩ ላይ አንስተው ወደ ጎን አደረጉት። «ደግ አደረግሽ፣ ጎበዝ። እንግዲህ ሴትዮዋን ለጥንቃቄ ጉድለት ብቻ አስጠነቅቃለሁ። ከእጃቸው መውደቁ አልቀረም። ሂጂ ወደ ክፍልሽ።»

ቀጮ የበሩን እጀታ ያዘች። በመስታወቱ በኩል ቱርቦ ግድግዳው ጥግ ቆማ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራላታለች፤ ፈገግ ብላለች፣ ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጣል። ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። እጀታውን ማዞር ብቻ ነው የቀራት። እትዬ ሥራቸውን አላጡም፣ ማስጠንቀቂያ ምን ይጎዳል? የተቀመጠበት ፋይል ውስጥ አቧራ ይጠጣል።

እጇ አልዞረም። ያቺ ልጅ በዚያ ሳጥን ውስጥ ገና ያልወጣ ጥርሷን ይዛ ስንት ዓመት ተኝታለች። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ያልሆነችውን ሲሏት፣ ሳትሰበር ተሰበረች ሲሏት፣ አይደለም የምትልበት ምላስ የላትም። ቀጮ አላት። አፏ ውስጥ ነው፣ ደርቆ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል እንጂ አለ።

ዘወር አለች።

«እትዬ አልጣሉትም» አለች።

ዩኒት ሊደሩ ቀና አሉ። «ታዲያ ማን ጣለው?»

«እርስዎ ሲጠይቁኝ አላየሁም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ሲወድቅ እዚያው ነበርኩ፣ መልሼ ሳጥን ውስጥ የደበቅሁትም እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

ቀጮ ወደ መስታወቱ አልዞረችም። ዞራ ብታይ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትዋሻለች።

«እኔ የራሴን ነው የምናገረው» አለች። «ሌላ ሰው ካለ ራሱ ይምጣ።»

ሰውየው በእጃቸው ወንበሩን አመለከቷት። ቀጮ ሄዳ ተቀመጠች። ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማት፤ ቱርቦ እየሄደች ይሁን እየመጣች መለየት አልቻለችም።

«ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ነው» ብላ ጀመረች።